ቸኩሎ የሚያስብ ማሽን

ኮምፒውተር ልብ አለው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። በማዘርቦርዱ ላይ፣ በትንሽ ቆርቆሮ የተሸፈነች፣ የጣት ጫፍ የማታህል የኳርትዝ ቁራጭ ትገኛለች። ኤሌክትሪክ ሲነካት ሳታሰልስ ትርገበገባለች። ርግብግቢቷ እየተባዛ ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል፤ የማሽኑ ሥራ ሁሉ በዚያ ምት ይመራል። 3 ጊጋኸርዝ የተባለ ፕሮሰሰር በአንድ ሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። በአንዱ ምትና በሚከተለው መካከል ባለችው ቅጽበት፣ ከሁሉ ፈጣን የሆነው ብርሃን እንኳ ሊጓዝ የሚችለው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግማሽ ስንዝር አይሞላም።

ይህን ምት ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ማፍጠን በባለሙያዎች አንደበት ኦቨርክሎክ ማድረግ ይባላል። አማርኛችን ገና ቁርጥ ያለ ስም አላወጣለትምና እኔ በዚህ ጽሑፍ "ምት ማፍጠን" እለዋለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ለነገሩ አዲስ የሆነ ሰው የቤቱን ኮምፒውተር ምት ሊያፈጥን ይገባዋልን? ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ይህ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ የምንጽፈው ሁሉ፣ ግጥሙም ደብዳቤውም ኑዛዜውም፣ በዚያ ምት ውስጥ አልፎ ነው የሚቀመጠው። ምቱ ሲዛባ ቃሉ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ የእኛም ሥራ ይመስለኛል።

ጥያቄውን ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዘመድ ከውጭ በላከለት ዕቃ የገጣጠመው ኮምፒውተር አለ፤ ጨዋታ ይጫወትበታል፤ የትምህርት ቤት ሥራውንም ይሠራበታል። "ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ያፈጥነዋል፤ እኔስ ላፍጥነው?" አለኝ። መልሱን ለመስጠት ያዘገየኝ አንድ ነገር ነበር። በዚያው ማሽን ላይ እናቱ ማታ ማታ የአባታችንን ደብተሮች ትተይባለች። አባታችን በሕይወት ሳሉ ያዩትንና የሰሙትን በሰማያዊ ቀለም የጻፉባቸው ደብተሮች ናቸው፤ ቀለሙ እየደበዘዘ፣ ጠርዙም እየተበላ ነው። አንዳንዱ ገጽ ዛሬ በዓይን ሊነበብ አይችልም፤ ያለው እህቴ ቀድማ በተየበችው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጁ "ላፍጥነው?" ሲል የጠየቀኝ ሳያውቀው ስለ አያቱ ቃል ጭምር ነበር።

ነገሩን በከበሮ ልመስለው። እስክስታ የሚመቱ ሰዎች ተሰልፈዋል እንበል። ከበሮው አንድ ጊዜ ሲመታ ሁሉም አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ የሚቀጥለው ምት ከመድረሱ በፊት የሁሉም እግር መሬት መርገጥ አለበት። ከበሮ መቺው ጥቂት ቢያፈጥን ጭፈራው ይደምቃል፤ ሁሉም ይከተሉታል። አሁንም ጨምሮ ቢያፈጥን ግን ከመካከላቸው አንዱ፣ ምናልባት ከኋላ ያለው ደካማው፣ እግሩ ገና በአየር ላይ ሳለ ሌላው ምት ይመጣበታል። ያ ሰው አንድ እርምጃ ሳተ። ጭፈራው ግን አልቆመም፤ ተመልካቹም አላየውም። በፕሮሰሰር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ምልክቱ ከተነሣበት ወደሚደርስበት ሳይዘልቅ ምቱ ከቀደመው፣ 1 ሊሆን የሚገባው 0 ሆኖ ይመዘገባል፤ ማሽኑም በተሳሳተው ላይ ቆሞ ስሌቱን ይቀጥላል።

ለጨፋሪዎቹ ጉልበት መጨመር ይቻላል። በኮምፒውተር ዘንድ ይህ ጉልበት ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ትራንዚስተሮቹ ፈጥነው ይታዘዛሉ። ጉልበት ግን ላብ አለው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ብንጨምር፣ ሙቀቱ የሚጨምረው በ10 ወይም በ20 በመቶ ሳይሆን በ33 በመቶ ያህል ነው። ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚያየው ፍጥነቱን ነው፤ ካሬው ግን ከበስተጀርባ እየተከተለው ነው።

ለመሆኑ ትርፍ ፍጥነት ከየት ይመጣል? ከአንድ የሲሊከን ገበታ ላይ የሚቆረጡ ፕሮሰሰሮች እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው፤ መልካቸው አንድ ሲሆን ጉልበታቸው ይለያያል። ፋብሪካው ይፈትናቸዋል፣ በየደረጃቸው ይለያቸዋል፣ ከዚያም ከአቅማቸው ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ይጽፍባቸዋል። ያ የተረፈው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ክፍሉ ለሞቀበት፣ ማራገቢያው አቧራ ለያዘበት፣ ሲሊከኑም ለሚያረጅበት ቀን የታሰበ። ምት የሚያፈጥን ሰው አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ከዚያ ጎተራ ይቆነጥራል። መቆንጠሩ ኃጢአት አይደለም፤ ስንት እንደቀረ ሳያውቁ መቆንጠር ግን አደጋ አለው።

የልማዱ ታሪክ ራሱ እንደ ተረት የሚጣፍጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር በ6 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። ደፋር ባለቤቶች የኳርትዟን ቁራጭ ነቅለው በፈጣን ቁራጭ እየተኩ 8 ሜጋኸርዝ አደረሱት። ኩባንያውም በኋላ ምቱ ከተወሰነለት በላይ ከሆነ ማሽኑ እንዳይነሣ የሚያደርግ ፍተሻ ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የኢንቴል ርካሹ ሴሌሮን 300ኤ መጣ። በ66 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ምት ወደ 100 ከፍ ማድረግ ብቻ ፕሮሰሰሩን ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ያደርሰው ነበር፤ ይኸውም በዚያው ዓመት የወጣው ውዱ ፔንቲየም ቱ የሚሠራበት ፍጥነት ነው። በርካሽ ዋጋ 50 በመቶ ጭማሪ! "ሁሉም ያፈጥነዋል" የሚለው ወሬ በዓለም የተዛመተው በእንዲህ ያሉ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በኤኤምዲ አትሎንና ዱሮን ፕሮሰሰሮች ላይ ፋብሪካው የቆረጣቸውን ጥቃቅን ድልድዮች በተራ እርሳስ ቀብቶ በማገናኘት የተቆለፈውን ማብዣ መክፈት ተቻለ። እርሳስ ለጽሕፈት ብቻ የተሠራ የሚመስለን ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ነገር ግን በዚያው በ2000 ፋብሪካው ራሱ በቆመጠው ገደል አፋፍ ቆሞ ታየ። ኢንቴል በ1.13 ጊጋኸርዝ የሚመታ ፔንቲየም ስሪ በሐምሌ መጨረሻ አውጥቶ ከአንድ ወር በኋላ መልሶ ሰበሰበው። መርማሪዎች የሊነክስን ከርነል ኮምፓይል ለማድረግ ሲሞክሩ ሥራው አልፈጸም እያለ ያስቸግራቸው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2004 ኩባንያው 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ያለውን ፔንቲየም ፎር ሰረዘ፤ ሙቀት ግድግዳ ሆኖ ስለቆመ መንገዱ ወደ ብዙ ኮር ዞረ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ተርቦ ቡስት የተባለው አሠራር መጣ፤ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና ኃይሉን እየለካ ራሱን በራሱ ያፈጥናል፣ ሲሞቀውም ይቀንሳል። ስለዚህ የዛሬ ጀማሪ የሚያገኘው ጎተራ የ1998ቱ ሙሉ ጎተራ አይደለም። ፋብሪካው ቀድሞ ገብቶበታል፤ ለእጅ የቀረው ብዙ ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ፋብሪካውም ሲቆነጥር ሊያልፍ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2024 ታየ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የኮር ፕሮሰሰሮች ባለቤቶች ማሽናቸው ያለ ምክንያት እንደሚወድቅባቸው አሰሙ። ኩባንያው በምርመራው ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ጉድለት በማይክሮኮዱ ውስጥ ማግኘቱን ገለጸ፤ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። የተጎዳው ሲሊከን ግን በማስተካከያው አይድንም። እጅግ የገረመኝ አንድ ዝርዝር ነው። አንዳንዱ ጨዋታ ሲከፈት የታመቀውን ዳታ ፕሮሰሰሩ ሲፈታ ይሳሳት ነበር፤ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ግን የቪዲዮ ካርዱ ማስታወሻ አልበቃም ይላል። አጥፊው ዝም ብሎ ተቀምጦ ንጹሑ ይከሰሳል። የተጣደፈ ማሽን ስህተቱን በሌላው ማላከክ ከሰው የተማረ ይመስላል።

እዚህ ላይ ወደ ደብተሮቹ ልመለስ። ጀማሪ የሚፈራው ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል ብሎ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ግን ከመጠን በላይ ሲሞቅ ምቱን ይቀንሳል፣ ካልሆነም ማሽኑን ያጠፋል፤ በቮልቴጅ ካልተጨከነበት በቀር በአንድ ቀን መቃጠሉ እንግዳ ነገር ነው። ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ማሽኑ ቢወድቅም ቢያንስ እውነቱን ነግሮናል፤ "አልቻልኩም" ብሏል። እኔን የሚያስፈራኝ አልቻልኩም ሳይል የሚሳሳተው ነው።

ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በዚያ አሠራር እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትም በተርታ ይከተላሉ። ስለዚህ ግእዙ ከካዕቡ የሚለየው በአንድ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ በ0 እና በ1 ሲጻፉ "ተ" እና "ቱ" በመጨረሻዋ አንዲት ቢት ብቻ ይለያያሉ። "ሞተ" የሚለውን "ሞቱ"፣ "አለ" የሚለውን "አሉ" ለማድረግ አንዲት 0 ወደ 1 መለወጧ ይበቃል። "መጣ" እና "መጡ"ም እንዲሁ በአንዲት ቢት ይለያያሉ። በሌላ ቋንቋ አንዲት ቢት ብትዛባ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ተበላሽቶ ስህተቱ ያፈጣል። በእኛ ፊደል ግን አንዱ ሰው ብዙ ሊሆን፣ አንተ የተባለው አንቱ ሊባል፣ ዓረፍተ ነገሩም እንደ አማረበት ሊቀር ይችላል። አባታችን በደብተራቸው ማንን በአክብሮት፣ ማንንስ በቅርበት እንደጠሩ የሚታወቀው በእነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች ነው። ከዘመናት በኋላ የልጅ ልጃቸው ያን ገጽ ቢያነብ የቱ የአያቱ ቃል፣ የቱ የማሽኑ እንደሆነ በምን ይለያል? ደብተሩ እንደሆነ ደብዝዟል።

ላላጋን። ስህተቱ በትክክል በዚያች ቢት ላይ የመውደቅ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ፕሮግራሙ መዘጋቱ ወይም ፋይሉ አልከፈትም ማለቱ ነው። ግን የጥፋቱ ዓይነት እውነተኛ ነው። በቤት ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ራምም በአብዛኛው የተዛባችን ቢት ለይቶ የሚያርምበት መንገድ የለውም። ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም የሚጠፋው ነገር ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ መመዘን የሚገባን ዕድሉን ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ የምንኖርበትን ቦታ አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ የሚፈላልንም ለዚሁ ነው። ማራገቢያ ሙቀት የሚያስወግደው አየርን በመግፋት ነውና የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው "በዚህ ቁጥር ምንም አልሆነብኝም" ቢል ለእኛ ምስክር አይሆንም። በበጋ አቧራው አለ፤ መብራቱም ይመጣል ይሄዳል። ባዮስ በማደስ ላይ ሳሉ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል።

እንግዲህ መልሴ "አይገባውም" ነውን? አይደለም። ምት ማፍጠን ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ፕሮሰሰርን እንደ ተዘጋ ሣጥን ያየ የነበረ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምት ምን እንደሆነ፣ ቮልቴጅና ሙቀት እንዴት እንደሚዛመዱ፣ መፈተን ማለትም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንደ ስፖርት የያዙትም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አንድ ኮር አይ9 ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ 9 ጊጋኸርዝ አልፏል። እነዚያ ግን የሚሮጡት ለቅጽበት ነው፤ በዚያ ማሽን ላይ ማንም የአባቱን ደብተር አይተይብም።

ስለዚህ ጀማሪ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ፣ ማሽኑ ይፈቅዳል ወይ? እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በኢንቴል በኩል ማብዣው ክፍት የሆነው በአብዛኛው በስሙ መጨረሻ ኬ የሚል ፊደል ባለው ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ መሆን አለበት። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄው እዚሁ ላይ ያበቃለታል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ቀርፋፋ የሆነው በእርግጥ በፕሮሰሰሩ ነው ወይ? በአሮጌ የቤት ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ፣ አቧራውን ማጽዳት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት ማደስ ከማንኛውም ማፍጠን የበለጠ ያስደስታል። ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ነገር ሌላ ቅጂ አለው ወይ? ከሌለው የመጀመሪያው ሥራ ባዮስ መክፈት ሳይሆን ፍላሽ መግዛት ነው።

ሦስቱን ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠው ከነሰዓቱ በወረቀት ይጻፍ። ቮልቴጁ በመጀመሪያ አይነካ። ማሽኑ እምቢ ሲል በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ነቅሎ ወይም በመመሪያው ላይ በተነገረው መንገድ ባዮሱን ወደ ነበረበት መመለስ አስቀድሞ ይታወቅ። ዋስትናውም በማፍጠን ሊቀር እንደሚችል አይረሳ። በመጨረሻም ፈተናው በደቂቃ ሳይሆን በሰዓታት ይለካ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ለራሙ ሜምቴስት86 አለ፤ ለፕሮሰሰሩ ፕራይም95 አለ። ይህ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ግዙፍ ተካፋይ የለሽ ቁጥሮችን ለመፈለግ ነበር። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሒሳብ እያሠራ ስለሚያመሳክር የማሽኖች ፈታኝ ሆኖ ቀረ። በሒሳብ ስህተት መደበቂያ የለውም። በጽሑፍ ግን አለው፤ ስለዚህ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ማሽን ሒሳብ ከሚሠራበት ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጭታ አልነገርኩትም። "የእናትህ ማሽን በፋብሪካው ምት ይምታ፤ ለአንተ ሌላ እንፈልጋለን" አልኩት። አሮጌ ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል፣ ምቱ በባዮስ በኩል የሚለወጥ፣ በውስጡ ምንም የሌለበት ማሽን ተገኘ። ልጁ አሁን ደብተር ይዞ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ማሽኑ ስንት ላይ እንደቆመ፣ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ፈተናውን በስንተኛው ሰዓት እንደሳተ። ደብተሩን ሳየው ጽሕፈቱ የአያቱን ጽሕፈት ይመስላል፤ ጠባብና ወደ ቀኝ ያዘነበለ። እህቴም ከጎኑ ባለው ክፍል ወደ ሦስተኛው ደብተር ተሻግራለች፤ የጨረሰቻቸው ሁለቱ በሁለት ፍላሽ ላይ ተገልብጠው አንዱ በእኔ ዘንድ ይገኛል።